ፋይሉ የቆመበት ቦታ

ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ መንገደኛ ካርታ አያስፈልገውም። ትንሽ ቆም ካለ ረዳቶቹ ራሳቸው ይነግሩታል፦ «ቦዲቲ! አረካ! አርባ ምንጭ!» ከተማዋ የመንገድ መገናኛ ናት፤ በቦዲቲ ወደ ሻሸመኔ፣ በአረካ ወደ ሆሳዕና፣ በሁምቦ ወደ አርባ ምንጭ ይወጣባታል። አገሩን የለመደ ሰው ግን ጩኸቱንም አይጠብቅም። መኪናው የቆመበትን ቦታ አይቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ፕሮግራመሮች «ፋይል ተኮር ራውቲንግ» የሚሉት አሠራርም እንዲሁ ነው። የአንድ ገጽ ፋይል የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደተቀመጠ ካወቅን አድራሻውን አወቅን ማለት ነው።

ሐሳቡ ያረጀ ነው። የመጀመሪያዎቹ ድረ ገጾች ሰርቨር ላይ የተቀመጡ ፋይሎች ስለነበሩ አድራሻቸው ከፎልደሩ መንገድ አይለይም ነበር። ይህን ያናጋው እነ ጂሜይልን የመሰለው አንድ-ገጽ አፕሊኬሽን ነው። ብራውዘሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ብቻ ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሊንክ ሲነካ ከሰርቨር አዲስ ገጽ አይመጣም፤ እዚያው ያለው ፕሮግራም ስክሪኑን ይቀይርና አድራሻውን ብቻ ያድሳል። እንግዲህ የትኛው አድራሻ የትኛውን ገጽ እንደሚጠራ በኮድ መመዝገብ ግድ ሆነ። ገጽ በተጨመረ ቁጥር መዝገቡ ይነካል፤ የተረሳ እንደሆነ ገጹ ተሠርቶ አልቆም አይከፈትም።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የወጣው ኔክስት ጄኤስ፣ በዚያው ሰሞን የተከተለው ኑክስት፣ ኋላም ስቬልትኪት የተባሉት የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች መዝገቡን ለማሽኑ ተዉለት። ፎልደሩን አንብበው ራሳቸው ያዘጋጁታል። ሌላም ጥቅም አለው፦ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ስለሚቆራረጥ አንባቢው ያልከፈተውን ገጽ ኮድ አስቀድሞ ለማውረድ አይገደድም። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እስኪ ከሶዶ የሚነሱ መስመሮችን የሚያሳይ ድረ ገጽ እንሥራ። «መስመር» የሚል ፎልደር እንከፍትና ውስጡ «አረካ» የሚል ፋይል እናስቀምጣለን። (ፕሮግራመሮች እነዚህን ስሞች አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፏቸው።) አድራሻው ወዲያው «መስመር/አረካ» ይሆናል። ለቦዲቲ፣ ለሁምቦ፣ ለገሱባ ለየብቻ ፋይል መጻፍ ግን ሞኝነት ነው። ለዚህ ማዕዘናዊ ቅንፍ አለ፦ ፋይሉን [መድረሻ] ብለን ከሰየምነው በዚያ ቦታ የመጣውን ማንኛውንም ስም ይቀበላል፤ የዚያን ከተማ መረጃ ፈልጎ ያሳያል። «አረካ» የሚለው ፋይል እዚያው ካለ ግን ቅድሚያ የሚያገኘው እሱ ነው፤ በስም የተጠራ ከጅምላው ይቀድማል።

ሁሉም ነገር በስም ላይ የቆመ ስለሆነ ጣጣውም ከስም ይመጣል። ሆሳዕናን አንዱ «ሆሣዕና»፣ ሌላው «ሆሳእና» ብሎ ይጽፋታል። ለአንባቢ አንድ ከተማ ናት፤ ለኮምፒውተር ሦስት መድረሻ። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ የትልቅና የትንሽ ፊደል ጉዳይ አለ። ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ አይለያቸውም፣ ሊነክስ ይለያቸዋል። አንድ ጊዜ በራሴ ላፕቶፕ እንደ ውሃ ሲፈስ የነበረ ሥራ ሰርቨር ላይ ስጭነው አልከፈት ብሎኝ ግማሽ ቀን ፈልጌ ያገኘሁት አንዲት ትልቅ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውምና ከዚህ ወጥመድ ነፃ ነው፤ ሆኖም ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። በፊደላችን የተጻፈ አድራሻ ኮፒ ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይተረተራል። «ሶዶ» ብቻዋን 18 ምልክት ትሆናለች።

ከሁሉ የሚከፋው ፎልደሩን በመንግሥት አስተዳደር እርከን መደርደር ነው። ክልል፣ በውስጡ ዞን፣ በውስጡ ወረዳ፤ ሲያዩት ያምራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ የሠራ ሰው ወላይታን «ደቡብ» ከሚለው ፎልደር ሥር ማስቀመጡ አይቀርም ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነባሩ ክልል ፈርሶ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትና ሶዶ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ስትሆን ሆሳዕና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በኩል ቀረች። ፎልደሩን ያዛወረ ሰው የቀድሞ ሊንኮቹን ሁሉ ሰበረ ማለት ነው፤ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሸጋግር መመሪያ ካልጻፈ በቀር። ድርን የፈጠረው ቲም በርነርስ-ሊም ቢሆን የሚለዋወጥ ነገር አድራሻ ውስጥ እንዳይገባ ያሳሰበው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ብሆን «መስመር/ቦዲቲ» ብዬ አጭር አድርጌ እተወዋለሁ፤ ክልሉን ገጹ ውስጥ መጻፍ ይበቃል።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። ገጾቹን የሚያሳየው ብራውዘሩ ብቻ በሆነበት አሠራር፣ ሊንኩን በቴሌግራም የደረሰው ወዳጅ ሲነካው «አልተገኘም» የሚል መልስ ሊመጣበት ይችላል። ላኪው ግን ከመነሻ ገጹ ገብቶ ሲያየው ይሠራል። ምክንያቱ ሰርቨሩ ላይ «መስመር/ቦዲቲ» የሚባል ፋይል አለመኖሩ ነው፤ አድራሻውን የሚያውቀው ብራውዘር ውስጥ ያለው ፕሮግራም ብቻ ነው። መፍትሔው ሰርቨሩን «የማታውቀው አድራሻ ሲመጣ ዋናውን ገጽ ስጥ» ብሎ ማዘዝ ነው። ያኔ ደግሞ ሰርቨሩ ለሁሉም እሺ ባይ ይሆናል፤ «መስመር/ቦዲዲ» ብሎ የተሳሳተውንም ያስገባል። እንዲህ ያለ ከተማ የለም ብሎ የመመለሱ ሥራ ለ[መድረሻ] ፋይል ይቀራል።