«የምን ጸጉር ነው?»

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ ብቅ ብዬ ነበር፤ የጺም መላጫ ብሩሽ ልገዛ። ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቡናማ ጸጉር ያለው ብሩሽ አነሳሁና «የምን ጸጉር ነው?» ስል ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው» አለኝ ወጣቱ ሻጭ። «የምን እንስሳ ማለቴ ነው» ስለው «የእንስሳውን መታወቂያ ከየት ላምጣልዎት?» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ጥያቄዬ ግን የቀልድ አልነበረም። የእንስሳ ጸጉር ብሩሾች በአብዛኛው ከአሳማ፣ ባጀር ከሚባለው የዱር እንስሳ ወይም ከፈረስ ጸጉር ይሠራሉ። ከእነዚህ ርካሹና የተለመደው የአሳማው ነው። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተክርስቲያን ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት መርካቶ፣ የአሳማ ጸጉር ፊቱን እንዲነካው የማይፈልግ ገዢ ጥቂት አይደለም። ይህ ገዢ የመጠየቅ መብት አለው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «ኦርጅናል» ደግሞ መረጃ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ በአግባቡ ካልጸዳ የፈረስ ጸጉር በተሠሩ ብሩሾች የተላጩ ሰዎች በአባ ሰንጋ ተይዘው ሞተዋል። እንግሊዝ በ1920 እ.ኤ.አ. የጃፓን የጺም ብሩሾች እንዳይገቡ እስከ መከልከል ደርሳ ነበር። ዛሬ ያ ስጋት እምብዛም ነው፤ ፊታችን ላይ የሚያርፈው ነገር ከምን እንደተሠራ ማወቅ ግን ቅንጦት አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ሰው ሠራሹ ብሩሽ ነው። የቀድሞዎቹ የናይለን ብሩሾች ሻካራ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ጫፋቸው እየቀጠነ የሚሄድ ለስላሳ ክር አላቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር ይጠብቅበታልና ምርመራውን እንጀምር።

ጫፉን መዳፍዎ ላይ ይጫኑት። ከወጋዎት ፊትዎንም ይወጋል። ሲለቁት ወደ ቦታው ሊመለስ ይገባል። ጸጉሩን በቀስታ ሳብ ያድርጉ፤ አንድ ሁለት ክር ቢነቀል ችግር የለውም፤ በብዛት ከተነቀለ ይመልሱት። ጸጉሩ ከእጀታው የሚወጣበት ቦታ ስፋቱ ከ22 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለፊት ይመቻል። ዓይነቱን ከተጠራጠሩ የተነቀለችውን ክር በክብሪት ይለኩሷት። የእንስሳ ከሆነች የተቃጠለ ጸጉር ይሸትታል፤ አመዷም በጣት ይፈረፈራል። ሰው ሠራሽ ከሆነች ቀልጣ እንደ ዶቃ ትጠነክራለች።

አጠቃቀሙ የከተማችንን የውሃ ችግር ያገናዘበ ይመስላል። የአሳማ ጸጉር ከመላጨት በፊት ደቂቃዎች መዘፍዘፍ አለበት፤ ሰው ሠራሹ ግን ለብ ባለ ውሃ ነከር ማድረግ ይበቃዋል። ለአንድ ሙሉ መላጨት አንድ ጣሳ ውሃ አያንስም። ውሃውን አራግፈው ሳሙናው ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙሩት። ከዚያ ፊትዎ ላይ ሳይጫኑ እያዞሩ ይቀቡ፤ አረፋው ከደረቀ ጠብታ ውሃ ይጨምሩ። የብዙዎቻችን ጺም ጥቅልል ስለሆነ፣ ከተላጨ በኋላ ጫፉ ወደ ቆዳ ተመልሶ እየገባ ብጉር ያወጣብናል። በአረፋ በደንብ የራሰ ጺም ይለሰልሳል፤ ምላጩን ጺሙ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ካስኬዱት ችግሩ ይቀንሳል። ሲጨርሱ አጥበውና አራግፈው አየር በሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ከእንስሳው ጸጉር ፈጥኖ ይደርቃል። የፈላ ውሃ ግን ማጣበቂያውን ስለሚያላቅቅ አይንከሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸጉር ቤት ስንገባ አዲስ ምላጭ መጠየቅን ለምደናል፤ ብሩሹ ከፊት ወደ ፊት ሲዞር ግን ዝም እንላለን። እንደ ጭርት ያለ የቆዳ በሽታ በዚህም መንገድ ሊተላለፍ ይችላል። የራስን ብሩሽ ይዞ መሄድ ነውር የለውም።

እኔ በመጨረሻ ቡናማውን መልሼ «ሲንተቲክ» ተብሎ የተጻፈበትን ገዛሁ። «ጋሼ፣ ይሄማ ፌክ ነው» አለኝ ልጁ። ቢያንስ ምን እንደሆነ ይናገራል። አስመጪዎቻችንም በየማሸጊያው ላይ የጸጉሩን ዓይነት በአማርኛ ቢጽፉልን ምን ይጎዳቸዋል?

ቸር ይግጠመን!