ኢስታንቡልና አውሮፓ በሕንፃ የተማማሩበት ክፍለ ዘመን

በኢስታንቡል ገላታ ሰፈር በ1892 የተመረቀው የኦቶማን ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሁለት ፊት አለው። በባንኮች ጎዳና በኩል ያለው የጥንቱን የሮምና የግሪክ ፈለግ የተከተለ ነው፤ በፓሪስ ወይም በቪየና ቢቆም እንግዳ አይሆንም። ወደ አሮጌው ከተማ የሚያየው ጀርባው ግን የምሥራቅን መልክ ይዟል። ሁለቱንም የነደፈው በዚያው ከተማ ተወልዶ በፓሪስ የተማረው አሌክሳንደር ቫሎሪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦቶማን የሕዝብ ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ እንደ አውሮፓ ቅጂ ይቆጠራሉ። ቀረብ ብሎ ለመረመራቸው ግን የሕንፃውን መልክ የሚወስነው በዋናነት አሠሪው ነበር፤ ዕውቀቱም ከሁለቱም ወገን ይመላለስ ነበር።

አዲስ መንግሥት፣ አዲስ ቤት

ቀድሞ ለሕዝብ የሚታነጸው ሕንፃ በአብዛኛው መስጊድን ተጠግቶ የሚቆም ነበር። ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ድሆች የሚበሉበት ማድቤትም ሱልጣኖችና ባለጸጎች ባቆሙት ወቅፍ (ለበጎ ሥራ በተሰጠ ሀብት) ይተዳደሩ ነበር። በ1839 የታወጀው የታንዚማት ለውጥ ግን ሌላ ዓይነት መንግሥት ፈለገ። ሚኒስቴር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙዚየም፣ የባቡር ጣቢያ መሥራት ግድ ሆነ፤ ለእነዚህ ደግሞ ከአባቶች የተወረሰ ቅርጽ አልነበረም።

የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ጋስፓሬ ፎሳቲ ኢስታንቡል የገባው በ1837 የሩሲያን ኤምባሲ ሊሠራ ነበር። ሱልጣን አብዱልመጂድ የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃ ሥራ ሰጡት፤ ከ1847 እስከ 1849 ደግሞ ከወንድሙ ከጁሴፔ ጋር አያ ሶፍያን እንዲጠግን አደረጉ። ወንድማማቾቹ በልስን ሥር ተሸፍነው የኖሩትን የቢዛንታይን ሞዛይኮች ገልጠው በሥዕል መዘገቡ፤ የሰው ምስል ያለባቸውን መልሰው ሸፈኑ። በ1852 በለንደን የታተመው የጋስፓሬ የሥዕል መጽሐፍም ለአውሮፓ አንባቢ የሕንፃውን ውስጥ አሳየ።

የአገሩ ሰዎችም ሥራውን ለውጭ ባለሙያ ትተው አልተቀመጡም። ለሱልጣኖቹ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ ያነጹት ባልያኖች የኢስታንቡል አርመኖች ነበሩ። ጋራቤት ባልያንና ልጁ ኒጎጎስ የሠሩት፣ በ1856 የተጠናቀቀው የዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ውጪው በአውሮፓ ዓምዶችና ጌጦች ተሞልቷል። ክፍሎቹ ግን በኦቶማን መኖሪያ ቤት ልማድ በማዕከላዊ አዳራሽ ዙሪያ የተደረደሩ ናቸው።

ወደ ምዕራብ የሄደው

በ1855 የመሬት መንቀጥቀጥ ቡርሳን ክፉኛ ጎዳ። የከተማዋን ጥንታዊ ሕንፃዎች እንዲጠግን የተቀጠረው ፈረንሳዊው ሌዮን ፓርቪሌ እየለካቸው ከጌጦቻቸው ጀርባ ያለውን የጂኦሜትሪ ሥርዓት አጠና። በ1867 በፓሪስ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የኦቶማንን ሕንፃዎች የነደፈው እሱ ነው። በ1874 ላሳተመው መጽሐፍም ዝነኛው አርኪቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ መቅድም ጻፈለት።

የኦቶማን መንግሥትም ስለ ራሱ ሌላው እስኪናገርለት አልጠበቀም። ለ1873ቱ የቪየና ኤግዚቢሽን በቱርክኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ የኦቶማን ኪነ ሕንፃ እንደ ግሪኩ ሁሉ የራሱ ሕግና የዓምድ ሥርዓት እንዳለው ያስረዳል።

ይሁን እንጂ መገናኘት ሁልጊዜ መተዋወቅ አይሆንም። ኦስትሪያ ሀንጋሪ ቦስኒያን በ1878 ከያዘች በኋላ በሳራዬቮ ያሠራችው፣ በ1896 የተከፈተው ማዘጋጃ ቤት መልኩን ያገኘው ከካይሮ የማምሉክ ሕንፃዎች ነው። የከተማዋ ሙስሊሞች ግን ለዘመናት የሰገዱት በኦቶማን ጉልላት ሥር ነበር። የእነሱ ነው ተብሎ የተሠራላቸው መልክ ከሩቅ አገር የመጣ ነበር። ሕንፃው በ1992 በጦርነት ተቃጥሎ፣ ታድሶ በ2014 እንደገና ተከፍቷል።

ዕዳና ትምህርት ቤት

የኦቶማን መንግሥት በ1875 ብድሩን መክፈል አቃተው፤ በ1881 የአበዳሪዎቹ አስተዳደር ተቋቁሞ የጨውንና የሌሎች ሸቀጦችን ገቢ መሰብሰብ ጀመረ። ቫሎሪ በ1897 የጨረሰለት መሥሪያ ቤት የኦቶማን ልብስ የለበሰ ነው። ጀርመናዊው ኦገስት ያስሙንድ የነደፈውና በ1890 የተመረቀው የሲርኬጂ ባቡር ጣቢያም ከአውሮፓ የሚመጣውን መንገደኛ የሚቀበለው በሾሉ ቅስቶችና በባለ ቀለም መስታወት ነው። የምሥራቅ መልክ የአገር ባለቤትነት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ለባዕድ ኃይል መሸፈኛም ሊሆን ይችል ነበር።

ዘላቂው ለውጥ የመጣው በትምህርት ነው። በፓሪስ የተማረው ሠዓሊ ኦስማን ሐምዲ ቤይ በ1881 የመንግሥቱ ሙዚየም ኃላፊ ሆነ፤ የመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም በ1883 ተከፈተ፤ ቫሎሪ በዚያ ኪነ ሕንፃ አስተማረ። ኦስማን ሐምዲ በ1887 በሲዶን ቆፍሮ ላወጣቸው የጥንት የድንጋይ ሬሳ ሣጥኖች ቫሎሪ የሠራው ሙዚየም በ1891 ተከፈተ፤ የፊቱ ንድፍም ከእነዚያው ሣጥኖች የተወሰደ ነው።

ከያስሙንድ ተምሮ በበርሊን ትምህርቱን የቀጠለው ከማሌቲን እና በፓሪስ የተማረው ቬዳት ከ1900 ወዲህ የአውሮፓን የአሠራር ዕውቀት ይዘው ወደ ኦቶማን ቅስትና ጉልላት ተመለሱ። በ1909 የተጠናቀቀው የቬዳት ታላቁ ፖስታ ቤት የዚህ ፍሬ ነው።

እነዚህን ሕንፃዎች በአንድ ሕዝብ ስም ብቻ የሚጽፍ ታሪክ ወይ አርመኑን አናጺ፣ ወይ አውሮፓዊውን መምህር፣ ወይ ኦቶማናዊውን አሠሪ ማስቀረቱ አይቀርም። ማን አዘዘ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ አጥኚ ግን ሦስቱንም በአንድ ግድግዳ ላይ ያገኛቸዋል።