ድምፁ ጠፋ ማለት ሞተሩ ዳነ ማለት አይደለም

ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉልኝ።

ጠዋት አንድ ቪትዝ ከቡሬ መስመር በገመድ ተጎትቶ ፍኖተ ሰላም ጋራዣችን ገባ። ባለቤቱ ከገዛው ወር አልሞላውም። ሲገዛው ጸጥ ያለ ነበር፤ ደላላው «መነሳቱንም አታውቅም» እያለ ነው ያስገዛው። ኮፓውን ስናወርድ የወጣው ዘይት እንደ ማር ይለጠጣል። ከሥሩ የሚያብረቀርቅ የብሮንዚን ብናኝ ተከማችቷል። አንደኛው ቢዬላ ብሮንዚኑን ጨርሶ ክራንክ ሻፍቱን ፍቆታል። መኪናው የተሸጠው እያንኳኳ ነው ማለት ነው፤ ዘይት አወፍረው አፈኑት እንጂ ማንም አልጠገነውም። ልጁን ሳነጋግረው ደግሞ የባሰ ሰማሁ፦ ድምፁ ቀስ እያለ ሲመለስበት ቴሌግራም ላይ ባየው ምክር «ማወፈሪያ» ገዝቶ ጨምሮበታል። «አያ፣ ጠፍቶ ነበር እኮ!» ይለኛል።

ጠፍቶ ነበር! እሺ፣ እንግዲህ በቅደም ተከተል ልጻፈው። ዘይትና ውኃ ስለ ማየት አልጽፍም፤ እሱን የማያደርግ ሰው ቁልፍ ባይጨብጥ ይሻላል።

1. የቤንዚን ማንኳኳት። ይህ ያለቀ ብረት የሚያወጣው ድምፅ አይደለም። ካንዴላው ካቀጣጠለ በኋላ፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ከግፊቱና ከሙቀቱ የተነሳ በራሱ ሲፈነዳ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ነዳጅ ስትረግጥ ቀጭን የቆርቆሮ ድምፅ ይመጣል፣ እግርህን ስታነሳ ይጠፋል። የሚያመጣው ኦክቴኑ የወረደ ቤንዚን፣ ያለልክ የቀደመ ታይሚንግ፣ ፒስተን ላይ የተጋገረ ካርቦን ወይም ከመጠን በላይ የሚሞቅ ሞተር ነው። ችላ ካልከው ፒስተን ይበሳል፣ የቴስታታውን ጋርኒሲዮን ያቃጥላል።

የእኛ አካባቢ ነገር ደግሞ ሾፌሩን ያታልላል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ቡሬ ከ2,000 በላይ። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የሚታመቀው ያንሳል፤ ስለዚህ መጥፎ ቤንዚንም ከተማ ለከተማ ላያንኳኳ ይችላል። አባይ በረሃ ስትወርድ፣ በደጀን በኩልም ሆነ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃልም። ከዚያ ሰው ጭነህ ዳገቱን ትያያዘዋለህ። «አያ፣ አባይ ላይ ነው የጀመረው» የሚለኝ ሾፌር ብዙ ነው። አባይ ላይ አልጀመረም፤ ከዚሁ ቀድተኸው የሄድከው ነው።

ከየት እንደተቀዳ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ማደያው ሲደርቅ፣ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ እንገዛለን። አልፈርድም፣ ባጃጅ ቆሞ ካደረ ቤት ውስጥ እራት የለም። ግን በሃይላንዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ቤንዚን አይደለም። ነጭ ጋዝ ይጨመርበታል፤ የነጭ ጋዝ ኦክቴን ከቤንዚን እጅግ ያነሰ ስለሆነ ጥቂቱም ቢገባ ሞተሩ ያውቀዋል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ አድርጉና ከእሳት ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፦ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይሄዳል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባታማ ምልክት ይተዋል። ኦክቴን መለካት አይደለም፣ ሌባውን ለመጠርጠር ግን ይበቃል። አንዴ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ማርሽ ቀንሳችሁ፣ ሞተሩን ሳታጨናንቁ ንዱ፤ ደህና ቤንዚን ስታገኙ ሙሉበት። ሌላ ምንም ጠርሙስ አትጨምሩ።

ዲኤክስና ባጃጅ በግልጽ ይጮኻሉ። ቪትዝና ያሪስ ግን ኖክ ሴንሰር አላቸው፤ ማንኳኳቱን ሲያገኝ ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ ድምፅ ሳትሰማ መኪናው ይደክማል፣ ነዳጅ ይበላል። ባለቤቱም «ካንዴላ ቀይሩልኝ» እያለ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ሽማግሌ ሾፌሮች «የድሮ ቤንዚን እርሳስ ነበረው፣ አያንኳኳም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ቶማስ ሚጅሊ የሚባል ሰው የእርሳስ ውሕድ ማንኳኳትን እንደሚያጠፋ አገኘ፤ ዓለምም ተቀበለው። ድምፁ ጠፋ፣ መርዙ ግን በሕፃናት ደም ውስጥ ገባ። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መጀመሪያ ድረስ ያስወገዱት ለዚህ ነው። ድምፅ በማጥፋት ብቻ የመጣ መፍትሔ የሚያስፈራኝ ያለ ምክንያት አይደለም።

2. የቢዬላ ብሮንዚን ማንኳኳት። ይህ ወፍራም ነው፣ ከታች ከኮፓው በኩል ይመጣል፣ ከሞተሩ ዙር ጋር እኩል ይፈጥናል። እስከ 2,500 ዙር አካባቢ አድርሰህ ነዳጁን ስትለቅ ይብሳል። በድሮ መኪና የካንዴላ ገመድ አንድ በአንድ ስትነቅል የበሽተኛው ሲሊንደር ድምፅ ይቀንሳል፤ ረጅም ካቻቢቴ ጆሮህ ላይ አስደግፈህ ማዳመጥም ይረዳል፣ ቺንጋና ቬንትሌተር ተጠንቅቀህ። ይህን ድምፅ ከሰማህ አቁም። «እስከ ባሕር ዳር ያደርሰኛል» የሚባል ነገር የለም፤ የተላቀቀ ቢዬላ ሞንቦሎኩን በስቶ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ብሮንዚን መቀየር ቀርቶ ሙሉ ሞተር ትፈልጋለህ።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። በብሮንዚኑና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው። ዘይት በግፊት እየገባ ብረቱን ከብረት ለይቶ ያንሳፍፈዋል። ብሮንዚኑ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ በዚያ በኩል እየፈሰሰ ግፊቱ ይወርዳል፣ ብረቱ ይመታል። ያኔ 50 ቁጥር ወይም ማወፈሪያ ስትጨምርበት ወፍራሙ ዘይት ክፍተቱን ሞልቶ ምቱን ያለዝበዋል። ድምፁ ይጠፋል። የተበላው ግን እንደተበላ ነው! ይባስ ብሎ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ያ ዘይት እላይ እስኪደርስ ይዘገያል፣ በመዘግየቱ ውስጥ ሁሉም ነገር በደረቁ ይፋጫል። በቪትዝ ላይ ቪቪቲአይውም የካቴናው መወጠሪያም የሚሠሩት በዘይት ግፊት ነው፤ ለ5ደብልዩ30 የተሠራ ቀጭን መንገድ ውስጥ ሙጫ ትጨምርበታለህ። ለአሮጌ ዲኤክስ 20ደብልዩ50 ብትጠቀም አልጣላህም፣ ለእሱ ይስማማዋል። ለቪትዝ ግን «ጓደኛዬ ጨምሮ ዳነለት» ብለህ አትምጣብኝ።

የበሽታው መነሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኛው የመካኒኮች እጅ ነው፣ ልናገረው። «ሞተር ማጠብ» የሚሉት ነገር አለ። አሮጌውን ዘይት ያወርዱና ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ሞልተው ሞተሩን ያስነሱታል። ጥቁር ጥቁሩን ሲያስወጣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ብር ይከፍላል። ናፍጣ የዘይት ሥራ አይሠራም! ብሮንዚኑ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ይጎዳል፤ የተላቀቀው ቆሻሻ ደግሞ ሁሉም አይወጣም፣ የዘይት ፖምፓውን መሳቢያ ወንፊት ይዘጋዋል። ከሳምንት በኋላ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ያንኳኳል፣ ከዚያ ዘይት ይወፍራል፣ ከዚያ ደላላ ይጠራል። መስመሩ ይህ ነው። ይህንን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ስንት ሰው እንደሚያያቸው ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ሞተርህ ቆሻሻ ከሆነ ደህና ዘይትና ፊልትሮ በአጭር በአጭር ርቀት ቀይርለት፤ ወይም ኮፓ አስወርደህ በእጅ አስጠርግ።

3 ብዬ ስለ ናፍጣ ሞተር ልጽፍ ነበር። ባጭሩ፦ እንጅባራ ብርድ ውስጥ ያደረ አይሱዙ ጠዋት ቢያንኳኳ ናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ነው፤ ሲሞቅ ካልተወው ኢኒየቶሪ ይታይ። ነጭ ጋዝ ናፍጣ ውስጥ ሲገባ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፣ ማለስለሻው ስለሚያንስ የናፍጣ ፖምፓ ይበላል። የበርበሬና የበቆሎ ወቅት ከልክ በላይ ጭናችሁ በሁለተኛው ማርሽ መውጣት ያለበትን ዳገት በሦስተኛው የምትገፉ ልጆች፣ እናንተን ለብቻ እጽፍላችኋለሁ።

ላይ ላይ ያለው «ጥቅ ጥቅ» ደግሞ የቫልቭ ክፍተት ሊሆን ይችላል፣ አትደንግጡ። ጠዋት ብቻ አንኳክቶ ሲሞቅ የሚጠፋው ፒስተን ነው፣ ያረጀ ሞተር ምልክት ነው፣ እያያችሁ ንዱት።

ስለ ተቋማቱም አንድ ነገር ልበል፦ ዓመታዊው የመኪና ምርመራ ፍሬን፣ መብራትና ጎማ ያያል፣ ጥሩ ነው። ሞተሩን አስነስቶ ጆሮ የሚሰጥ ግን አላጋጠመኝም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ነዳጅ መደባለቅንም ከማደያ ውጭ መቸርቸርንም ይቀጣል፤ እዚህ ግን ቸርቻሪው የቆመው ማደያው ፊት ለፊት ነው፣ ባጃጁ ተሰልፎ ያደረበት ቦታ ላይ። ከኮሌጅ የሚላኩልኝ ተለማማጆች ደግሞ ስለ ኦክቴን ጥያቄ ይመልሳሉ፣ የሚያንኳኳ ሞተር ግን በሕይወታቸው አልሰሙም፤ የማስተማሪያው ሞተር አይነሳማ። ልጆቹ ምን ያድርጉ? የሚነሳ አንድ አሮጌ ሞተር መግዛት ይህን ያህል ከባድ ነው?

ተውት። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ለምታስቡ ይህችን ብቻ ያዙ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ድረሱና መጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዛችሁ በጣታችሁ እዩት፤ የሚለጠጥ ከሆነ ጠይቁ። ከዚያ ራሳችሁ አስነሱት፣ የዘይት መብራቱ ቶሎ መጥፋቱን እዩ። የወፈረ ዘይት ብርድ ላይ ይደብቃል፣ ሲሞቅ ይቀጥንና ያጋልጣል፤ ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም እስከ ማንኩሳ ነድታችሁ ተመለሱ። ደርሳችሁ ሳታጠፉት ዙሩን ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁትና አዳምጡ። ሻጩ «ይህን ያህል ርቀት አላስነዳም» ካላችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።