መስፋፋት የእውነት ማስረጃ ይሆናልን? የጥንቱ ክርስትና ስኬትና የደሊል ሚዛን

በክርስቲያኖችና በሙስሊሞች መካከል በሚደረጉ ውይይቶች ከጥንት ጀምሮ ሲመላለስ የኖረ አንድ መከራከሪያ አለ። መሥራቹ በመስቀል ላይ ተገደለ ተብሎ የሚሰበክለት፣ ሰባኪዎቹም ሠራዊትና ሀብት ያልነበራቸው ሃይማኖት፣ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በየጊዜው እየተሳደደ የሮማን ግዛት ሊወርስ የቻለው እውነት ስለሆነ ነው፤ የፈጣሪ እጅ ባይኖርበት ኖሮ ገና በማለዳው በጠፋ ነበር ይላል። ይህ ጽሑፍ መከራከሪያው የሚያስረዳውንና የማያስረዳውን ለይቶ ለማሳየት ይሞክራል። ጉዳዩ የሌላውን ወገን ብቻ የሚመለከት አይደለም። እኛም የእስልምናን ፈጣን መስፋፋት ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እውነተኛነት በማስረጃነት ስለምናቀርብ፣ በሌላው ላይ ያነሣነው ሚዛን ወደ እኛ መመለሱ አይቀርም።

የመከራከሪያው ታሪክ

የሐሳቡ ዘር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ይገኛል። ገማልያል የተባለው የአይሁድ መምህር፣ ነገሩ ከሰው ከሆነ ራሱ እንደሚፈርስ፣ ከፈጣሪ ከሆነ ግን ሊያፈርሱት እንደማይችሉ ለሸንጎው መክሯል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ምክሩ ሰዎቹን ከመግደል እንዲቆጠቡ የቀረበ የጥንቃቄ ምክር እንጂ የእምነት ማረጋገጫ አለመሆኑ ነው። በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ አትናቴዎስ፣ ዮሐንስ አፈወርቅና አውግስጢኖስ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሐሳቡን ወደ ሙሉ ማስረጃነት አሳደጉት።

በዐባሲያ ዘመን ደግሞ በዐረብኛ የጻፉ ክርስቲያን ሊቃውንት፣ በተለይም ቴዎዶር አቡ ቁራ፣ ዐማር አል-በስሪና ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ፣ ይበልጥ የተደራጀ መልክ ሰጡት። ሰዎች ሐሰተኛ ሃይማኖትን የሚቀበሉባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ አሉ፤ ሰይፍ፣ ጥቅም፣ የጎሣ ወገንተኝነት፣ የሥጋ ፍላጎት መፈቀድ፣ የተናጋሪ ማታለል። ክርስትና በእነዚህ አልተስፋፋም፤ ስለዚህ የቀረው ምክንያት ተአምር ብቻ ነው ሲሉ ደመደሙ።

በኡሱል ሊቃውንት ቋንቋ ይህ «ሰብር ወተቅሲም» የሚባለው የክርክር ዘዴ ነው፤ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች ሁሉ ዘርዝሮ፣ አንድ በአንድ ጥሎ፣ የመጨረሻውን ማጽደቅ። የዘዴው ጥንካሬም ድክመቱም በዝርዝሩ ሙሉነት ላይ ያርፋል። አንድ ምክንያት ከተዘነጋ መደምደሚያው ይፈርሳል።

የዐብዱልጀባር መልስና ወሰኑ

ታላቁ የሙዕተዚላ ሊቅ ቃዲ ዐብዱልጀባር በ385 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 995) ባዘጋጀው «ተስቢት ደላኢል አን-ኑቡዋ» በተሰኘው ሥራው፣ የሮማ ነገሥታትን ሚና በተለይም የቆስጠንጢኖስን ሥልጣን በማንሣት መልስ ሰጥቷል። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ313 ክርስትና ነፃነት አገኘ፤ በ380 ደግሞ በቴዎዶስዮስ ትእዛዝ የመንግሥት ሃይማኖት ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን መስፋፋት ያለ መንግሥት ድጋፍ ማሰብ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ይህ መልስ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ112 አካባቢ የቢታንያ አስተዳዳሪ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን በላከው ደብዳቤ፣ እምነቱ ከከተማ አልፎ ወደ መንደሮችና ወደ ገጠር መዝለቁን አስታውቋል። ያኔ ክርስቲያኖች በእጃቸው ሰይፍ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መቶ ዓመታት በቆስጠንጢኖስ መተርጎም ታሪክን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ይሆናል።

የተዘነጉት ምክንያቶች

የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሮድኒ ስታርክ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት፣ በ40 ዓ.ም. አንድ ሺህ ያህል አማኞች ነበሩ ብሎ በመነሣት፣ ቁጥሩ በየአሥር ዓመቱ በ40 በመቶ ቢያድግ በ300 ዓ.ም. ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሚደርስ አሳይቷል። መነሻው ግምት ነው፤ ስሌቱ ግን ትምህርት አለው። ይህ ዕድገት በዓመት ሲሰላ ከ3 ተኩል በመቶ አይበልጥም። በዘመድ፣ በጋብቻና በጉርብትና ለሚተላለፍ እምነት የማይደረስበት ፍጥነት አይደለም። ስታርክ ራሱ ለንጽጽር ያቀረበው፣ እ.ኤ.አ. በ1830 በአሜሪካ የተመሠረተው የሞርሞኖች እምነት ከጥናቱ በፊት በነበረው መቶ ዓመት በአማካይ በየአሥር ዓመቱ 43 በመቶ ማደጉን ነው። ይህን ዕድገት ለጆሴፍ ስሚዝ ነቢይነት ማስረጃ አድርገው የሚቀበሉ ሌሎች ክርስቲያኖች የሉም።

በዚህ ላይ የማኅበረሰቡ አኗኗር ይጨመራል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወረርሽኝ ክርስቲያኖች ሕሙማንን አስታመዋል፤ አራስ ሕፃናትን መጣልን ከልክለዋል፤ ድኾችን መግበዋል። ጠላታቸው የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ እንኳ የእኛንም ድኾች ጭምር ይመግባሉ ሲል በቁጭት ጽፏል። በሑነይን ዝርዝር ውስጥ ያልተካተተው ምክንያት ይህ ነው፦ ሰይፍም ማታለልም ያልሆነ፣ ተአምርም መሆን የማያስፈልገው መልካም ሥራ። ይህን በጎነት መካድ ፍትሕ አይደለም፤ በጎነቱ ግን የሥላሴን ትምህርት አያረጋግጥም።

ሰማዕትነትም እንዲሁ ነው። በሱረቱል ቡሩጅ የተወሱትን የጉድጓዱን ሰማዕታት ብዙ ሙፈሲሮች ከነጅራን አማኞች ጋር ያያይዟቸዋል፤ ቁርኣንም አወድሷቸዋል። ለእምነቱ የሞተ ሰው ቅንነቱን አስመስክሯል። ቅንነት ግን ስለ አማኙ ልብ ይናገራል እንጂ ያመነው ነገር ሁሉ እውነት ስለመሆኑ አይናገርም።

የማኒ ሃይማኖት

እ.ኤ.አ. በ216 በባቢሎን ምድር የተወለደው ማኒ በፋርስ ነገሥታት እስር ቤት ሞተ። ተከታዮቹ በፋርስም በሮማም ተሳደዱ። ትምህርቱ ለሊቃኑ ጋብቻንና ሥጋ መብላትን የሚከለክል ከባድ ሥርዓት ነበረው። ያም ሆኖ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሰሜን አፍሪካና እስከ ቻይና ዘለቀ፤ አውግስጢኖስ ራሱ ዘጠኝ ዓመት ያህል አድማጩ ነበር። በሑነይን መስፈርት የማኒም ሃይማኖት እውነት ሊባል ነው። «የማኒ ጠፍቷል፣ ክርስትና ግን ጸንቷል» ቢባል፣ መለኪያው ከመስፋፋት ወደ ዕድሜ ተለወጠ ማለት ነው። በዕድሜ ከሆነ ቡድሂዝም ከክርስትና አምስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል።

የተስፋፋው የትኛው እምነት ነው?

ሌላው ጥያቄ «ክርስትና አሸነፈ» ሲባል የትኛው ትምህርት ነው የሚለው ነው። የኒቅያ ጉባኤ በ325 የአርዮስን ትምህርት ቢያወግዝም፣ ከ337 እስከ 361 የነገሠው ቆንስጣንዮስ ዳግማዊ የኒቅያን ወገን ተቃዋሚ ነበር። ክርክሩ አገራችንም ደርሷል፤ ይኸው ንጉሥ ፍሬምናጦስ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲመለስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለአክሱሙ ዒዛናና ለሳይዛና ልኳል። ስኬት ማስረጃ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ከአትናቴዎስ ይልቅ የንጉሡን ወገን እውነት ማለት በተገባው ነበር። አትናቴዎስ ግን ብዙ ጊዜ ተሰዶም ቢሆን ተከራከረ እንጂ በብዛት አልተረታም።

የቁርኣን አቋም

ሙስሊም «ስኬት ከንቱ ነው» ብሎ በቀላሉ ሊያልፍ አይችልም። በሱረቱ ሶፍ 14ኛ አንቀጽ አላህ የዒሳን (ዐ.ሰ.) አማኞች በጠላታቸው ላይ እንዳበረታቸውና አሸናፊዎች እንደሆኑ ተነግሯል። ከኢብን ዐባስ በተላለፈው ትርጓሜ ግን፣ ከዒሳ በኋላ ከተከፋፈሉት ሦስት ወገኖች መካከል ሐቁን የያዘው ወገን በሌሎቹ ተሸንፎ ተዳክሞ ኖሯል፤ የበላይነቱ የተገለጠው በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መላክ ነው። ስለዚህ ሐቅ ለብዙ ዘመን ተሸፍኖ ሊኖር ይችላል። ከኑሕ (ዐ.ሰ.) ጋር ያመኑት ጥቂቶች እንደነበሩ በሱረቱ ሁድ ተወስቷል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም በትንሣኤ ቀን አንድም ተከታይ ሳይኖረው የሚመጣ ነቢይ አለ። ያ ነቢይ ተከታይ በማጣቱ ነቢይነቱ አልተቀነሰበትም። አላህ ለሐቅ ድልን መስጠቱ፣ ድል ያገኘ ሁሉ ሐቅ ነው ወደሚል ግልብጥ አያደርሰንም።

ሚዛኑ ወደ እኛ ሲመለስ

ዐሊ አት-ጠበሪ የነቢዩን ድል ከነቢይነታቸው ምልክቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሯል። ኢብኑል ቀይም ደግሞ አላህ በስሙ የሚዋሽን ሰው ለዓመታት እየረዳ አይተውም ሲል ሞግቷል፤ ኃይል ያገኙ ሐሰተኞች መኖራቸውን ሳይክድ፣ ነገራቸው ፍጻሜ አላገኘም በማለት ለይቷቸዋል። ይህ ማስረጃ የሚጸናው ከነቢዩ ሕይወት፣ ከመልእክታቸው ይዘትና አስቀድመው ከተናገሯቸው ትንቢቶች ጋር ሲያያዝ ነው። ከእነዚህ ተነጥሎ የአገራትን ስፋትና የሕዝብን ብዛት ብቻ የሚቆጥር ከሆነ፣ የሑነይንን ስሕተት በእኛ አንደበት መድገም ነው።

ክርስቲያኑም በበኩሉ የሰናፍጭ ቅንጣት ምሳሌን ጠቅሶ መስፋፋቱ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር ሊል ይችላል። መልካም ነው፤ ያን ጊዜ ውይይቱ ወደ ተገቢው ቦታው ይመጣል። ቃሉን ማን አስተላለፈው? ሰነዱ እንዴት ተጠበቀ? የተነገረውስ ትምህርት ከተውሒድ ጋር ይስማማል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በመቶ ሚሊዮኖች ቁጥር የሚመለሱ አይደሉም። ሐቅን በሰዎች ከመለካት ይልቅ ሰዎችን በሐቅ መለካት እንደሚገባ ያስተማሩን ዑለማኦች፣ ይህን ሲሉ የእኛን ወገን ለይተው አላስቀሩም።

ወላሁ አዕለም።