የቢአይ ደቨሎፐር ሙያ

ቢአይ (ቢዝነስ ኢንተለጀንስ) ደቨሎፐር በአንድ ድርጅት ውስጥ በየሲስተሙ የተበታተነውን መረጃ ሰብስቦ፣ አጥርቶና አገናኝቶ ለውሳኔ በሚመች ሪፖርትና ዳሽቦርድ የሚያቀርብ ባለሙያ ነው። በባንክ ቤት ቁጠባው በዋናው የባንክ ሲስተም፣ የኤቲኤም ዝውውሩ በሌላ፣ የሞባይል ባንኪንጉ በሦስተኛ ይመዘገባል፤ የቅርንጫፎች ዕቅድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኤክሴል ፋይል ተይዞ ይገኛል። የሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ግን ሁሉንም ይነካካል፦ ተቀማጭ የቀነሰው በየትኛው ቅርንጫፍ ነው? ከዕቅዱስ ምን ያህል ይርቃል? መልሱን ማንም ሳይለመን በየማለዳው ስክሪን ላይ ዝግጁ ማድረግ የዚህ ባለሙያ ድርሻ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን ሰነዶችን እየለየ ለሚፈልጓቸው ሰዎች የሚያደርስ «የቢዝነስ ኢንተለጀንስ ሲስተም» በጽሑፍ አቀረበ። በ1970 ኤድጋር ኮድ መረጃ እርስ በርስ በተያያዙ ሠንጠረዦች የሚቀመጥበትን ሞዴል አሳተመ፤ እዚያው አይቢኤም የነበሩት ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ደግሞ ዛሬ ኤስኪውኤል የሚባለውን መጠየቂያ ቋንቋ ቀረጹ። «ቢዝነስ ኢንተለጀንስ» የሚለው ስያሜ በዛሬ ትርጉሙ የተስፋፋው ሃዋርድ ድሬስነር በ1989 ካነሣው ወዲህ ነው።

ተጠቃሚው የሚያየው ዳሽቦርድ የመጨረሻው እርከን ነው። ከዚያ በፊት፣ ሲስተሞቹ ሥራ በማይበዛባቸው የሌሊት ሰዓታት፣ መረጃው ከየምንጩ ተቀድቶ ዳታ ዌርሃውስ ወደሚባል የተለየ ቋት ይገባል። የተለየ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአምስት ዓመት ዝውውር የሚደምር ጥያቄ ክፍያ በሚፈጽመው ሲስተም ላይ ቢሠራ መስኮቱ ላይ የቆመው ደንበኛ ይጉላላል። ስለ ቋቱ አሠራር ቢል ኢንመን እ.ኤ.አ. በ1992፣ ራልፍ ኪምቦል በ1996 ያወጧቸው መጻሕፍት እስካሁን ይነበባሉ። በኪምቦል መንገድ ክንውኖችን ብቻ የያዘ ትልቅ ሠንጠረዥ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ገቢ ወይም አንድ ወጪ ነው። ደንበኛውን፣ ቅርንጫፉን፣ የሒሳቡን ዓይነትና ቀኑን የሚገልጹ ትንንሽ ሠንጠረዦች ዙሪያውን ስለሚከቡት አቀማመጡ የኮከብ ሞዴል ይባላል።

ከእነዚህ ሁሉ ቀላል የሚመስለው የቀኑ ሠንጠረዥ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ራስ የሚያዞረው እርሱ ነው። የገበያው መሣሪያዎች ይዘው የሚመጡት የጎርጎርዮሱን አቆጣጠር ሲሆን የአገሪቱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ስለዚህ ባለሙያው እያንዳንዱን ቀን ከኢትዮጵያ ቀን፣ ወርና ሩብ ዓመት ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ራሱ ያዘጋጃል። ከዚያ ጳጉሜ ትመጣለች። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንና መስከረምን ስለሚይዝ 95 ቀን አለው፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ 96፤ ሌሎቹ ሦስቱ 90 ቀን ናቸው። ይህን ያላስተዋለ ሪፖርት በየዓመቱ ገቢ በመጀመሪያው ሩብ አደገ፣ በሁለተኛው ወረደ እያለ ያውጃል፤ ስብሰባ ተጠርቶም ለሌለ ችግር መፍትሔ ይፈለጋል። የጤናው ዘርፍ የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ የመረጃ ሲስተም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚቀበል እዚያ ጣጣው ይቀንሳል። የስም ነገርም አለ። አንዲት ደንበኛ በአንዱ ሲስተም «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ተብላ ትመዘገባለች፤ በላቲን ፊደል ሲሆንማ አጻጻፉ እንደ መዝጋቢው ነው። ኮምፒዩተሩ ሁሉንም የተለያየ ሰው አድርጎ ይቆጥራል። የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ቁጥር ከባንክ ሒሳብ ጋር መያያዝ ይህን ሥራ የሚያቃልል ነው።

ከሙያው ችሎታዎች ቀዳሚው ኤስኪውኤል ነው። መሣሪያዎች ይለዋወጣሉ፦ ታብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ተወለደ፣ በ2019 ደግሞ ሴልስፎርስ በ15.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ የማይክሮሶፍቱ ፓወር ቢአይ ለገበያ የቀረበው በ2015 ነው። ኤስኪውኤል ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ፓወር ቢአይን የመረጠ ሰው ዳክስ የሚባለውን የቀመር ቋንቋ ይጨምራል፤ ፓይተን ቢኖር መልካም ነው፣ ለጅማሬ ግን ግድ አይልም።

ለመማር የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ሰዎችን ማስማማት። «ንቁ ደንበኛ» ለማርኬቲንግ ክፍል በሦስት ወር ውስጥ ሒሳቡን ያንቀሳቀሰ፣ ለፋይናንስ ቀሪ ሒሳብ ያለው፣ ለዲጂታል ባንኪንግ ደግሞ አፑን የከፈተ ሊሆን ይችላል። ሦስት ክፍሎች ሦስት ቁጥር ይዘው አንድ ስብሰባ ሲገቡ ወቀሳው የሚያርፈው ሪፖርቱን በሠራው ላይ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ አንድ መስመር ኮድ ከመጻፉ በፊት ፍቺውን በጽሑፍ ያስጸድቃል።

ወደ ሙያው የሚያስገባው በር ብዙ ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ የተማሩ ይበዙ ይሆናል፤ ኤክሴልን ጠንቅቆ የሚያውቅ አካውንታንት ግን የድርጅቱን ሥራ ስለሚረዳ አንዳንዴ ይቀድማቸዋል። የማይክሮሶፍት ፒኤል 300 ፈተና የታወቀ የምስክር ወረቀት ቢሆንም ቀጣሪን ይበልጥ የሚያሳምነው ከጥሬ መረጃ እስከ ዳሽቦርድ የተሠራ የራስ ሥራ ነው።

የክፍያው ነገር እንደ አገሩና እንደ ቀጣሪው ይለያያል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የቢአይ ተንታኞችን ከዳታ ሳይንቲስቶች ጋር በአንድ ምድብ ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የምድቡ ግማሽ ሠራተኛ በዓመት ከ108,020 ዶላር በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኝ ነበር። ምድቡ ሪፖርት ሠሪውንና የትንበያ ሞዴል ገንቢውን ስለሚያደባልቅ ቁጥሩን የጀማሪ ደመወዝ አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። በኢትዮጵያ ባንኮች ደመወዝ የሥራ መደብ ደረጃን ይከተላል፤ በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጠው የቤትና የመኪና ብድር ከደመወዙ እኩል ሰው ያቆያል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ደንበኛ በዶላር የሚሠራውና በብር የሚከፈለው ባለሙያ ኪስ ይበልጥ ተራርቋል።

ጀማሪው ሌሎች የሠሩትን ሪፖርት በማረምና በማደስ ይጀምራል። ቀላል ጥያቄዎችን አሁን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም ስለሚጽፉለት በዚህ እርከን ብዙ መቆየት አያዋጣም። ከዚያ መንገዱ ይከፈላል፦ የቴክኒኩ ሰው ወደ ዳታ ኢንጂነርነትና ወደ ቋት አርክቴክትነት፣ ሰው ማስተባበር የሚቀናው ወደ ዳታ ክፍል ኃላፊነት ያድጋል። በአንድ ዘርፍ፣ በብድር ወይም በአቅርቦት፣ ጠልቆ የገባው ደግሞ ለብዙ ድርጅቶች በአማካሪነት ይሠራል፤ ክፍያውንም በደመወዝ ፋንታ በፕሮጀክት ይዋዋላል።