የነጩ ድንጋይ ምስክርነት

አሶሳ ዙሪያ ነጭ ድንጋይ ብርቅ አይደለም። ኳርትዝ ነው፤ ሰው ረግጦት ያልፋል። ከማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ቪክቶር ፈርናንዴዝና ባልደረቦቻቸው ግን ቃባና ቤል ቁርቁሙ በሚባሉ ሁለት የቋጥኝ ጥላዎች ሥር አፈሩን በስሱ እየገፈፉ ይህንኑ ድንጋይ ይለቅሙ ጀመር።

ገልም ተገኘ። ጭቃው ሳይደርቅ ተጫን ተጫን እየተደረገ ያጌጠ፣ ሱዳን ውስጥ ከሚገኘው ጋር የሚመሳሰል ነው። ድንበሩ ቅርብ ስለሆነ ይሄ አያስገርምም። ያስቸገረው ድንጋዩ ነበር። ዙሪያውን ተፈንክቶ የተጠረበ አለ፤ አንድ ጎኑ ተስሎ መፋቂያ የሆነ አለ። አሠራሩ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ነው። ስለዚህ ዕድሜው ብዙ አሥር ሺህ ዓመት መሆን ነበረበት። የራዲዮካርበን ውጤቱ ግን ከ10 ሺህ ዓመት ወዲህ ነው አለ። በዚያ ጊዜ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሰዉ ከጥቁር ባልጩት ጥፍር የሚያካክሉ ስለቶች እያወጣ እንጨት ላይ ይሰካ ነበር። እዚህ እነዚያ ጥቃቅን ስለቶች የሉም።

የምስጢር ልብወለድ የሚጥመው እንዲህ ሰዓቱ ከማስረጃው ጋር አልገጥም ሲል ነው። ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ ይህን ከቁፋሮ ሜዳ ታውቀው ነበር። ባሏ ማክስ ማሎዋን አርኪኦሎጂስት ነበር፤ ኢራቅ ውስጥ ኒምሩድ ላይ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ጌጦችን በሹራብ መርፌና በራሷ የፊት ክሬም ታጸዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ ግድያውን 4 ሺህ ዓመት ወደኋላ፣ ወደ ግብፅ ወስዳ ጻፈችው። ፖሊስም የጣት አሻራም የሌለበት ታሪክ ነው፤ አንባቢ ግን አልሸሸም። የእኛም አንባቢ በይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ጣና ላይ ምስጢር ሲያድን አድሯል።

ወደ አሶሳው ምስጢርና ወደ ተጠርጣሪዎቹ እንመለስ። የመጀመሪያው ራሱ ኳርትዝ ነው፤ እንደ ባልጩት አይታዘዝም፣ ሲመቱት እንደፈለገው ይሰነጠቃል። ታዲያ ጥቃቅኑ ስለት እንዳይሠራ የከለከለው እሱ ይሆን? አይመስልም። በሌላ የአፍሪካ ክፍል ከኳርትዝም ተሠርቷል። ይህ ተጠርጣሪ በነጻ ይሰናበት።

እነ ፈርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ ጣታቸውን የቀሰሩት አየር ንብረቱ ላይ ነው። የበረዶው ዘመን ሊያበቃ ሲል ዙሪያው አገር ክፉኛ ደርቆ ነበር፤ አዳኞቹ ዝናብና ደን ወዳልጠፋበት ወደዚህ ምዕራባዊ ተዳፋት ተጠጉ። ድርቁ አልፎ ጎረቤቶቻቸው ሲለወጡም እነሱ የአባቶቻቸውን እጅ ሥራ አልተዉም። መልሱ ከማንም እንግዳ ይልቅ ልማዱን ያልለወጠው የቤቱ ሰው ነበር ማለት ነው። ክሪስቲ ብታነበው ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ተመራማሪዎቹ ይህን ጽናት ዛሬ በድንበሩ ላይ በደገኛውና በቆለኛው መካከል ከሚታየው የባህል ልዩነት ጋር ያያይዙታል። እኔ እዚህ ላይ እለያለሁ። ከጥንቱ ድንጋይ ጠራቢ እስከ ዛሬዎቹ የአካባቢው ሕዝቦች፣ በርታና ጉሙዝ፣ ያለውን ዘመን ሁለት የቋጥኝ ጥላ ብቻ አይሸከመውም፤ መሀሉን የሚሞላ ቁፋሮ ያስፈልጋል።