የይግባኙ ቀን ቢያልፍም በሩ አልተዘጋም

አሜሪካ ውስጥ ኤስኤስአይ የሚባለውን የሶሻል ሴኩሪቲ ወርሃዊ ድጎማ የሚቀበሉ እናቶችና አባቶች ቤት አንድ ቀን ሶሻል ሴኩሪቲ «በትርፍ ከፍለንዎታልና ይመልሱ» የሚል ደብዳቤ ይልካል። አንዱ መነሻ አገር ቤት መሄድ ነው። ለሠርግ ወይም ለተዝካር አዲስ አበባ ገብተው ተከታታይ 30 ቀን ከቆዩ ክፍያው መቋረጥ አለበት፤ ከተመለሱም በኋላ ሌላ ተከታታይ 30 ቀን እስኪሞላ አይቀጥልም። ጉዞው ሳይነገር ገንዘቡ ሲገባ ከከረመ ዕዳ ይሆናል። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶ ባንክ ሲቀመጥም ለአንድ ሰው የተፈቀደውን 2,000 ዶላር የሀብት ጣሪያ ሊያልፍና ዕዳ ሊያስከትል ይችላል።

ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን በ5ኛው ቀን እንደደረሰ ስለሚቆጠር፣ ዘግይቶ መድረሱን እስካላሳያችሁ ድረስ ላዩ ላይ ካለው ቀን 65 ቁጠሩ። ብዙ ቤተሰብ ቀኑ ማለፉን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ መክፈል ይጀምራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት መንገድ ገና አለ!

የመጀመሪያው፣ ለዘገየ ይግባኝ በቂ ምክንያት ማቅረብ ነው። ደንቡ ከባድ ሕመምን፣ የቅርብ ቤተሰብ ሞትን፣ ደብዳቤው አለመድረሱን፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ማሳሳቱን ይቀበላል። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን እንግሊዝኛ አለመቻልም በግልጽ መጠቀሱ ነው። ታዲያ «እማማ እንግሊዝኛ አያነቡም» ብሎ ማቆም አይበቃም። ደብዳቤው መቼ መጣ? የት ተቀመጠ? ማን፣ መቼ አነበበላቸው? እንደሰሙ ምን አደረጉ? ይህን በቀን በቀኑ ጻፉና ከይግባኝ ቅጹ፣ ከኤስኤስኤ-561፣ ጋር አያይዙት።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ይግባኝ «በትርፍ አልተከፈለኝም» ወይም «ሒሳቡ ተሳስቷል» ማለት ነው። ዌቨር ግን «ዕዳው ቢኖርም ይነሣልኝ» ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም! ቅጹ ኤስኤስኤ-632 ነው። ሁለት ነገር ማሳየት ያስፈልጋል፦ ጥፋቱ የእናንተ እንዳልሆነ፣ ቀጥሎም ብትከፍሉ ለኑሮ የሚያስፈልጋችሁ እንደሚጎድል ወይም ማስከፈሉ ፍትሕ እንደማይሆን። ቅጹ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መድኃኒት ይጠይቃል፤ ደረሰኞቹን ሰብስባችሁ በእውነተኛው ቁጥር ሙሉት። እናት ወይም አባት አገር ቤት ከመሄዳቸው በፊት ለቢሮው ተናግረው ከነበረ፣ መቼና ለማን እንደነገሩ መጻፍ ትልቅ ነገር ነው።

የዌቨሩ ጥያቄ እየታየ ሳለ ከወርሃዊው ገንዘብ መቁረጥ ይቆማል። ቢሮው እንቢ ከማለቱ በፊትም ፊት ለፊት ቀርቦ የማስረዳት ዕድል ሊሰጥ ይገባል። ለዚያ ቀን የልጅ ልጅን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ፤ አስተርጓሚ ሲጠየቅ በነጻ ይመደባል።

መጠኑም የተሳሳተ ከመሰላችሁ፣ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትተዉ፤ ሁለቱንም ቅጾች በአንድ ቀን ማስገባት ይቻላል። ቢሮ ሄዳችሁ ስታስገቡ ኮፒው ላይ የዕለቱን ማኅተም አስመቱ፣ ኮፒውንም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ቦታ አስቀምጡት።